ሐና «ቀሪ» የተባለችበት ቀን

ሞጣ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ ከተማው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስልኩን ያነሣል። አንዱ ባሕር ዳር ላለ ልጁ ይደውላል፣ አንዱ ገበያ ይጠይቃል፣ ሌላው ዝም ብሎ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ መስመሩ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል። እኔ ደግሞ ቃል እፈልጋለሁ። ዕድሜውን በሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚቀርለት ሱስ ይኸው ነው። አንድ ቃል ከተጠራጠርኩ እስካጣራው ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የፈለግኩት «ቢሎንግ» የሚለውን ቃል ነበር። ስልኬን ምን እንደነካው እንጃ፣ በጃፓን ፊደል የተሞላ ገጽ ከፈተልኝ። ፊደሉን ማንበብ አልችልም፤ መልኩን ግን ከድሮም አውቀዋለሁ። ልጄ ባሳየኝ መንገድ «ወደ አማርኛ ተርጉም» የሚለውን ነካሁት። የመጣው አማርኛ ከጠላ ቤት የሚመለስ ሰው የሚናገረው ዓይነት ነው፤ ግሱ ፊት፣ ባለቤቱ ኋላ፣ አንዳንዱም የት እንደገባ አይታወቅም። ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ገባኝ። ገጹ የተጻፈው እንግሊዝኛ ለሚማሩ ጃፓናውያን ነው። የቃሉ ትርጉም የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቡድን መሆን ነው ይላል። መነሻው በጥንቱ እንግሊዝኛ አብሮ መሄድ ነበር ይላል። አጠቃቀሙን ለማሳየት ደግሞ «ይህ መጽሐፍ የእኔ ነው»፣ ቀጥሎም «እኔ የቴኒስ ክበብ አባል ነኝ» የሚል ምሳሌ ሰጥቷል።

የቴኒስ ክበቡ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ ሳያልቅ ዓይኔ እንባ ሞላ። ስልኩን አስቀምጬ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ሐና የምትለው የመረብ ኳስ ክበብ ነበር።

ቢቸና የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ነበረች። ያደግኩት ደብረ ወርቅ ነው፤ አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከደብረ ወርቅ ቢቸና ሩቅ አይደለም፣ ግን ከእናቱ ቤት ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው መዛወርም ስደት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየማታው አለቅስ ነበር። የተከራየሁት እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ ጨቅላ ልጅ ይዘው ባል የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ቁጣቸው የቀረበ፣ ምሕረታቸው ደግሞ ከቁጣቸው የፈጠነ ሴት ነበሩ። ማታ ማታ ሳለቅስ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርገው «አንች ልጅ፣ ነገም አለ እኮ! ትንሽ ለነገ አስቀሪለት!» ይሉኝ ነበር።

ሐናኮ የመጣችው ኅዳር ላይ፣ ጤፉ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከጃፓን ለበጎ ፈቃድ የተላከች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሁለት የትምህርት ዓመት ልትቆይ ነው የመጣችው። ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ደሳለኝ ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸክመው ከእኔ ጎን ያለችውን ክፍል አሳዩአት። እትዬ ጥሩነሽ ወጥተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እሷም ጎንበስ አለች። እሳቸው እንግዳ በልጦኝማ አይሆንም ብለው ደገሙ። እሷም ደገመች። ሁለቱም ለካ ቀድሞ ቀና ማለት ነውር በሆነበት አገር ያደጉ ናቸው፤ ጋሽ ደሳለኝ ባይገላግሏቸው እስከ ዛሬም እጅ በተነሣሡ። በሦስተኛው ቀን ስሟ ሐና ሆነ። «ኮ»ዋን እትዬ ጥሩነሽ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባቸውም።

ቢቸና ሐናን ወደደቻት። የመውደዱ አኳኋን ግን እንግዳን እንደሚወዱት ነበር። ለቡና ስትጠራ ያለችው አንዲት ወንበር ለእሷ ነው፣ እኛ መደብ ላይ ነን። ሱቅ ስትሄድ ወረፋ የለባትም። አውቶብስ ላይ የፊቱ ወንበር የእሷ ነው። ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ብቅ ካለች ሴቶቹ ጀሪካኗን ነጥቀው ይሞሉላትና አንዷ ቤቷ ድረስ ታደርስላታለች። «ተይ፣ እንግዳ ናት» ይባላል። እሷም ይህችን ቃል ቶሎ ለመደቻት። አንድ ቀን በተሰባበረ አማርኛ «አለም፣ እንግዳ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። ዓለምፀሐይ ማለት ስለሚከብዳት እኔም አለም ሆኜ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ብቻ የረባ ነገር አልነበረም።

ችግሩ የክፍሏ ነገር ነው። ሒሳቡን ታውቀዋለች፣ ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው እንደ ጥልፍ ያምራል። አፏን ስትከፍት ግን እንግሊዝኛው ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ማንበብና መጻፍ ከእኔ ትበልጣለች፣ ከሰው ጋር መናገር ግን አገሯ ማንም አላስለመዳትም። ተማሪዎቹም ጨዋ ሆነው ዝም ይላሉ፣ አይስቁም፣ አይጠይቁም፣ አይገባቸውምም። ከጥምቀት በኋላ ጋሽ ደሳለኝ ቢሯቸው ጠርተው ነገሩን። የላኳት ሰዎች ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ መጥተው ክፍሏ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማስተማር ካልቻለች ወደ አገሯ ይመልሷታል።

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣» አሉኝ እሷ ከወጣች በኋላ። «ብትሄድ የሒሳብ አስተማሪ የለኝም። ብትቀርም እንደዚህ ከሆነ አሁንም የለኝም።»

ማታ ሐና ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ አገኘኋት። «መሄድ አልፈልግም፣» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በላይ አልጨመረችም። እኔም እንድትሄድ አልፈልግም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ይልቅ ለራሴ ነበር የፈራሁት። ማታ ማታ ማልቀስ የተውኩት እሷ ከመጣች በኋላ ነበር፤ ግድግዳው ወዲያ እንደኔ ያልለመደላት ሰው መኖሩን ማወቅ ብርታት ይሰጠኝ ነበር።

ያኔ ነው የአባቴ ጉባኤ ትዝ ያለኝ። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ለብቻው ተቀምጦ፣ ነጠላውን ወይም ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል። ማታ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ይዞ መምጣት አይችልም፤ የሌላውን ይዞ መምጣትማ አይታሰብም። ከራሱ ሆድ የወጣ፣ ዛሬ የተወለደ መሆን አለበት። ስንቱን ጎረምሳ አባቴ ፊት ላብ ሲያጠምቀው በበር ቀዳዳ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሴት ስለሆንኩ ከጉባኤው አልገባሁም፣ ሥርዓቱ ግን በጆሮዬ ገብቶ ቀርቷል።

ለሐና እንዲህ አልኳት፦ «ጠዋት አንድ ቃል እሰጥሻለሁ። ማታ በዚያ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ትነግሪኛለሽ። ከመጽሐፍ የተወሰደ አልቀበልም። የትናንቱን አልቀበልም። ስለ ራስሽ፣ ስለ ዛሬ፣ ስለ ቢቸና ይሁን።»

ጃፓን ያደገ ሰው መታዘዝ አያውቅም ማለት አይቻልም። ትእዛዙን ከቅኔ ተማሪ በላይ አጥብቃ ያዘችው። ከትምህርት በኋላ እትዬ ጥሩነሽ የሰጧትን ነጠላ ተከናንባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ትገባና ብቻዋን እያጉረመረመች ትመላለሳለች። መንገደኛው ጸሎት ላይ ያለች መስሎት ቆሞ ያልፋት ነበር። ማታ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆማ ትናገራለች። «በቃ» በሚለው ቃል፦ «እትዬ ጥሩነሽ ይህን ቃል አያውቁም፤ ሆዴ ግን ያውቀዋል።» «ዘገየ» በሚለው፦ «ዛሬ ዶሮው ዘግይቶ ጮኸ፣ እኔም ዘገየሁ፣ እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም።» ሳቄን አፍኜ እንደ አባቴ ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ፤ ጥሩ ሲሆንላት «ይበል!» እላታለሁ። ጾሙ ሲገባ ክፍሏ ውስጥ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ተማሪዎቹም አፋቸውን ከፈቱ። ሹሮና ተልባ እየበላን፣ ምሽቱ እየሞቀ፣ አቧራው በበሩ ሥር እየገባ፣ ያን ጊዜ ነበር የቢቸና ሰው መሆን የጀመርኩት ብል አልዋሽም።

«ቢሎንግ» የመጣው ከሒሳቧ ነው። ስብስብ የሚባለውን ምዕራፍ ልትጀምር ነበር፣ ቁጥሩ የስብስቡ አባል ነው ለማለት እንግሊዝኛው ይህን ቃል ይጠቀማል። በጠዋት ሰጠኋት። ማታ መጣችና «ሦስት ቁጥር የዚህ ስብስብ ነው» አለች። ከመጽሐፍ ነው ብዬ መለስኳት። በማግስቱ «እኔ የመረብ ኳስ ክበብ አባል ነኝ» አለች። «የት ነው ክበቡ?» ብላት ጃፓን፣ የተማሪ ቤት ክበብ ነው። እዚያ ልጅ ሁሉ ይህን ቃል የሚማረው በክበቡ ስም ነው አለችኝ። ይህንንም መለስኩ። ቀጥላ የእትዬ ጥሩነሽን ዶሮ አመጣች፣ ዶሮዋ የእሳቸው ናት። «አንቺስ?» አልኳት። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ገባች።

ሌሎቹ ቃላት እየመጡ ሲያልፉ ይህ አንዱ ተቀመጠ። በየጊዜው ዳር ዳሩን ትዞርና ትተወዋለች። አንድ ማታ እንዲያውም ደጃፌ ላይ እንደ ወትሮው ሳትቆም መሬት ላይ ቁጭ ብላ «የለኝም» አለችኝ። «አገሬ ሳለሁ የክፍሌ፣ የክበቤ፣ የቤተሰቤ ነበርኩ። እዚህ ሁሉም ደግ ነው። ግን ብመጣም ደግ ናቸው፣ ብቀርም ደግ ናቸው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ የለኝም።» አባቴ ቢሆኑ ይህንንም ቅኔ ነው ብለው ይቀበሉት እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን እውነቷን ስለነበር እንዲያ ብዬ ማጽናናት እንኳ አልመጣልኝም።

በጾሙ እኩሌታ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ከታች ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ አርፈው ነበር። ቢቸና ያለ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ አልጋው ላይ ተነሥቶ ያማትባል፣ ከዚያ የሟቹን ስም ለመስማት ጆሮውን ያቆማል። ሐናም ሰማችው። ግን ድምፁ ለእሷም ጭምር የተነፋ መሆኑን አላወቀችም፣ ማንም አልነገራትም። እኔ ከጋሽ ደሳለኝ ፈቃድ ጠይቄ ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር ወደ ቀብር ሄድኩ። እሷ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ወጣች።

ቀብሩ አልቆ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀምጦ ሳለ የእድሩ ዳኛ አቶ ታፈረ እንደ ደንቡ ስም መጥራት ጀመሩ። በየስሙ «አለሁ» ይባላል፣ ወይም ዝምታ ይሆናል። ዝምታ ከሆነ «ቀሪ» ይባልና ቅጣቱ ይነገራል። የእትዬ ጥሩነሽ ስም ተጠራ። የእኔ ተጠራ። ቀጥሎ አቶ ታፈረ በዚያ ደረቅ ድምፃቸው «ሐና፣ ከጥሩነሽ ግቢ!» አሉ።

ዝምታ ሆነ። ሰው አንገቱን እያዞረ ተያየ።

«ሐና!» ደገሙ። «ቀሪ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ለለቅሶው ቤት። በራሷ ጀርባ።»

ጋሽ ደሳለኝ ለአንድ ሰዓት ብለው ከትምህርት ቤት መጥተው ነበርና ደንግጠው ተነሡ። «አቶ ታፈረ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው ይኼ? ልጅቱ እኮ እንግዳችን ናት። አገር ምን ይለናል? ደግሞስ ማን አስገባት?»

«እኔ ነኝ ያስገባኋት!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ከሴቶቹ መሐል። ለካ ገና በኅዳሩ ስብሰባ ማንንም ሳያማክሩ አስመዝግበዋታል። «ግቢዬ ውስጥ የምታድር ነፍስ ናት። አንድ ቀን ሞት ቢመጣባት ማን ይቀብርልኛል? መንግሥት ነው? እናቷ ባሕር ተሻግራ ትምጣ?»

«ሃይማኖቷስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ሃይማኖቷን እግዜር ራሱ ይጠይቃት። እኔ ያልኩት ማን ይቀብራታል ነው።»

ጋሽ ደሳለኝ ልመናቸውን አልተዉም። የጾም ጊዜ ነው፣ ቦኖው ከደረቀ ሰንብቷል፣ ውሃ የሚቀዳው ከቁልቁለቱ ምንጭ ነው፣ ልጅቱ ሸክም አታውቅም፤ ተማሪዎች ያምጡላት፣ ካልሆነም ቅጣቱ ይነሣላት አሉ። ሰውም እውነታቸውን ነው እያለ አጉረመረመ። እኔ ራሴ አፌን ልከፍት ነበር፤ እትዬ ጥሩነሽ ግን ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉኝ።

አቶ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሽ ደሳለኝ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እኔ ደንቡን ነው የማውቀው። እንግዳ ከሆነች ስሟን እሰርዛለሁ፣ ቅጣትም የለባትም። ስሟ ካለ ግን ቅጣቱም አለ። አንዱን ይምረጡልኝ።»

ጋሽ ደሳለኝ መምረጥ አልሆነላቸውም፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። «ልጅቱ ራሷ ትምረጥ» ያሉት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፣ የመንገሩንም ሸክም እኔ ላይ ጣሉት።

ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ጠብቄ ነገርኳት። እንዴት እንደምጀምረው ጨንቆኝ ከጡሩንባው ጀምሬ ዳር ዳሩን ዞርኩ። እሷ ቆማ ሰማችኝ፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ስሜን ጠሩት?» አለች።

«ጠሩት። ሁለት ጊዜ።»

«ሁሉም ሰው ባለበት?»

«ሁሉም ሰው ባለበት።»

«አልነበርኩም።»

«አልነበርሽም።»

«ተቆጡ?»

«አቶ ታፈረ ተቆጥተዋል» አልኳት። እውነቱን ነው። «ግን ከፈለግሽ ስምሽን ይሰርዙታል፣ ቅጣቱም ይቀራል። ማንም አይቀየምሽም።»

ቦርሳዋን አወረደች። ወደ ክፍሏ ገብታ ጫማዋን ቀይራ ወጣች። «ገመድ አለሽ?» አለችኝ።

ወደ ምንጩ አብረን ወረድን። ወረፋው ረጅም ነበር። ሴቶቹ ሲያዩዋት እንደ ልማዳቸው መንገድ ከፈቱላት፣ አንዷም ጀሪካኑን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ሐና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና በአማርኛ «ቅጣት ነው» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዲት ወፍራም ሴት፣ ጠላ ሻጭ ናት፣ «ቅጣትማ ከሆነ ሰልፍሽን ያዢ!» ብላ ወደ ኋላ አመለከተቻት። ሐና ወደ መጨረሻው ሄዳ ቆመች። ፊቷን አየሁት። እንዲያ ሲያበራ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

አቀበቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ጀርባዋ ራሰ፣ ገመዱ ትከሻዋን ላጠው። ላግዛት ስል እትዬ ጥሩነሽ ከላይ ሆነው «ተያት! አትንኪያት!» ብለው ጮኹብኝ። ለሁለተኛው ጀሪካን ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ለቅሶው ቤት ገብታ ውሃውን በርሜሉ ውስጥ ስትገለብጥ የሟቹ ሚስት ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ልጄ፣ ለምን ቀረሽብኝ?» አሏት። ሐና ባዶውን ጀሪካን እንደያዘች ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። አጠገባቸው ካሉት ሴቶች ሁለቱ ጠጋ ጠጋ ብለው መሬት ላይ ቦታ ሰጧት። ወንበር ያነሣላት የለም። በጣባ ንፍሮ ተሰጣት፣ እየቆረጠመች ሰው ሲያለቅስ አብራ አለቀሰች። የማታውቃቸውን ሽማግሌ ነው የምታለቅሰው፣ ግን ለቅሶ ቤት ማን ለማን እንደሚያለቅስ ማን ይጠይቃል።

ማታ እንደ ወትሮው ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች። ልብሷ ገና አልደረቀም። እጇን እንደ ተማሪ ወደ ፊት አጣምራ፣ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረችው፦ «ስቀር ተቆጡኝ፤ ስለዚህ የእነሱ ነኝ።»

ይበል ማለት ነበረብኝ። ረሳሁት፤ ነጠላዬን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

ከአዲስ አበባ የተጠበቁት ሰዎች ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መጡ። ሁለት ናቸው፣ አንዱ ጃፓናዊ አንዱ የእኛው ሰው። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን አወጡ። እኔ ክፍል የለኝም ብዬ ዋሽቼ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሐና የስብስብን ትምህርት አስተማረች። ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሠርታ፣ ሁለት ሦስት ቁጥሮች ውስጥ፣ ሌሎችን ውጭ ጻፈች። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፦ «የክቡ መሆኑን በምን እናውቃለን?» እጅ እስኪነሣ አልጠበቀችም። «ስሙ ሲጠራ አስቡ» አለች። «ባይኖር ማን ይቆጣል? የሚቆጣ ካለ ከክቡ ውስጥ ነው። ማንም ካልተቆጣ ውጭ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን የምንጭ ውሃ ወሬ ያልሰማ ልጅ ቢቸና ውስጥ አልነበረምና። እጆች ተነሡ፣ ጥያቄ መጣ፣ መልስ መጣ፣ የተሳሳተው ሲታረም ጮኸ፣ ደወል ሲደወል የሚወጣ ጠፋ። የእኛው ሰው ለጃፓናዊው አንድ ነገር ሹክ ሲለው ጃፓናዊው አገጩን ይዞ ክቡን ያየው ነበር።

አልወሰዷትም። ሁለት ዓመቷን ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ በአእምሮዬ ውስጥ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ነው የሚታየኝ፤ የቢቸና ክረምት ጭቃ፣ መስከረም ላይ የሚያብበው አደይ፣ ገበያ ስንወጣ ቅቤ ሻጮቹ በስሟ ሲጠሯት፣ እሷም ተከራክራ ስታሸንፍ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ጡሩንባው ሲነፋ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ግድግዳውን ትደበድብልኝ ነበር።

የሄደችው ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በማይቆምበት ሰሞን ነው። የእድሩ ሴቶች እንሸኛት ብለው ተሰበሰቡ። ሾፌሩን እትዬ ጥሩነሽ ለምነውት፣ አውቶብሱ ሻንጣዋን ይዞ ከከተማው መውጫ ሄዶ ጠበቀን። እኛ በጭቃው ውስጥ በእግር ሄድን፤ አንዷ ጃንጥላ ትይዝላታለች፣ አንዷ በቅርጫት ዳቦ ትሸከምላታለች። ቃሉ መነሻው አብሮ መሄድ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ለሐና እነግራት ነበር፣ ደስም ይላት ነበር። አውቶብሱ ጋ ስንደርስ እትዬ ጥሩነሽ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ሐና አጎነበሰች። እሳቸው ደገሙ፣ እሷም ደገመች። የሾፌሩ ጡሩንባ ነው ያላቀቃቸው።

አቶ ታፈረ ስሟን አልሰረዙም። ከሄደች በኋላም ለቅሶ በሆነ ቁጥር «ሐና፣ ከጥሩነሽ ግቢ!» ይላሉ። እትዬ ጥሩነሽም ከተቀመጡበት ሆነው «መንገድ ላይ ናት!» ይላሉ። ሰው አይስቅም። ሞጣ ተዛውሬ እስክመጣ ድረስ እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ የሐናም ደብዳቤ አንድ ሁለት ዓመት መጥቶ እኔ ቦታ ስለውጥ ቀረ። ትኑር አትኑር፣ የት አገር እንደሆነች አላውቅም። ያንን የጃፓን ገጽ ያየሁ ጊዜ የእሷ ዓረፍተ ነገር ይገኝበት ይሆን ብዬ እስከ ታች ወረድኩ። መጽሐፉና የቴኒስ ክበቡ ብቻ ነው ያለው።

ሞጣ ትዳሬ ያለባት፣ ልጆቼ የተወለዱባት ናት፤ አላማትም። ግን ሰው ናፍቆቱን በመታወቂያው ላይ ባለው አድራሻ አያስተካክለውም። በልቤ የቢቸና እድርተኛ እንደሆንኩ ነው የኖርኩት። በጉንደ ወይን በኩል ወደ ቢቸና የሚሄደው መኪና ሲጠራ ስሰማ እስከ ዛሬ ቀና እላለሁ። ለእትዬ ጥሩነሽ ዓመት በዓል ሲመጣ እደውል ነበር። «አንች ልጅ፣ መቼ ነው የምትመጭው? ከዳሽኝ እኮ!» ብለው ይጮኹብኝ ነበር፤ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ እየሳቅኩ እሰማቸው ነበር። ያን ቁጣ ለመስማት ስል ብዙ ጊዜ ያለ በዓልም ደውዬአለሁ።

ዘንድሮ በጾሙ መግቢያ አረፉ። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ ነበር። የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ኔትወርኩ የመጣ ዕለት ልጃቸው አስናቀች ጋ ደወልኩ። በእኔ ጊዜ ገና የምትድህ ሕፃን ነበረች፣ አሁን የልጆች እናት ናት። እያለቀስኩ ሳልደርስ መቅረቴን፣ መንገዱን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። እንደ እናቷ «እንዴት ትቀሪያለሽ!» እንድትለኝ፣ ብትለኝ ደግሞ ጠዋቱኑ በእግሬ እንኳ ቢሆን እንደምነሣ እያሰብኩ ጠበቅኩ።

«ኧረ እትዬ ዓለምፀሐይ፣ በፍጹም እንዳያስቡ» አለችኝ በለስላሳ ድምፅ። «እርስዎን ማን ይጠብቃል ብለው ነው? እርስዎ እኮ የሩቅ ሰው ነዎት። ስለደወሉም እግዜር ይስጥልን።»

አመስግኜ ዘጋሁት።